የስንዱ ኩርፊያ

ያፌትና ኢዛና መጣላት ሲያምራቸው ወደ ደቻቱ ይወርዳሉ። ክረምት ካልሆነ በቀር ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው፤ ከአሸዋው በላይ ጣሪያ የለም፤ ጣሪያ ከሌለ ደግሞ ጆሮ የለም። ስለዚህ ድሬዳዋ ውስጥ በገዛ ቤቱ መጮኽ የማይችል ሰው ሁሉ ፀሐይ በረድ ስትል ጫማውን አውልቆ እዚያ ይንጎራደዳል። አንዱ ጥንድ ከድልድዩ ወዲህ፣ ሌላው ከድልድዩ ወዲያ ሆኖ የሆድ የሆዱን ይባባላል። ሲጨርሱ አሸዋቸውን አራግፈው፣ ፊታቸውን አስተካክለው፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ጎን ለጎን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እዚያ ሰላምታ መለዋወጥ ነውር ነው። ደቻቱ ላይ ያየኸውን ሰው ገበያ ስታገኘው እንዳላየ ሆነህ ታልፋለህ።

ጆሮ ያልነው የማዕከሉን አድማጭ ነው። የድስት ክዳን ያህላል፤ በየቤቱ ጣሪያ ላይ ተለጥፏል። ውሃውን የሚከፍተው፣ መብራቱን የሚያጠፋው፣ ሕፃን ሲያተኩሰው ሐኪም የሚጠራው እሱ ስለሆነ ይነቀልልኝ ያለ ሰው እስካሁን አልተሰማም። ግን ጆሮ ሁሉ አንድ አይደለም። የሌላው ሰው ቤት ጠብ ጠብ ነው፤ የነያፌት ቤት ጠብ ግኝት ነው።

ያፌትና ኢዛና ሁለቱም ወንዶች ናቸው። አንድ ቤት፣ አንድ አልጋና አንዲት ልጅ አላቸው። በድሮው ሕግ ቢሆን ወህኒ ነበር የሚወርዱት። አዲሱ ሕግ ደግ ነው፤ ማንንም አያስርም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ «ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ» አብሮ እንዲኖር ይፈቅዳል። ጥናቱ የተጀመረው ያፌት ገና ሱሪ ሳይታጠቅ ነው። አሁን ያፌት ጢሙ ሸብቷል፤ ጥናቱ ግን አልተጠናቀቀም።

የሚያጠኑት ተማሪዎች ናቸው። ለመመረቅ የደረሰ ተማሪ ከማዕከሉ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ አንድ ወቅት ሙሉ እየተመላለሰ ልጅቷን ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ይመረቃል። ልጃቸው ስንዱ አፏን እንደፈታች የመጣው ተማሪ «ሕፃኗ ሲበዛ ጨዋ ናት» ብሎ ጻፈ። ከሱ ቀጥላ የመጣችው ደግሞ ስንዱ ያፌትን «አባዬ»፣ ኢዛናን «ጋሼ» ማለቷን ይዛ፣ ልጅቷ ሁለተኛውን ወላጅ በአባትነት አልተቀበለችም አለች። የሰፈሩ ልጅ ግማሹ የወለደውን አባቱን ጋሼ እንደሚል የነገራት አልነበረም። ሌላው መጥቶ ሳቋን ሲቆጥር ከረመ። ሁሉም ታዲያ የመጨረሻው ገጽ ላይ አይለያዩም፤ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብለው ይዘጋሉ።

ስንዱ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የኢዛና ታናሽ እህት ስትወልዳት አርፋ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያሳደጓት እነሱ ናቸው። ስሟ አሮጌ ይመስላል፤ እሷ በተወለደች ሰሞን ግን የቅድመ አያቶች ስም እንደ አዲስ ልብስ ተፈላጊ ሆኖ ነበር። ዛሬ በየክፍሉ እነ ስንዱ፣ እነ ትርፌ፣ እነ ብርቄ ሞልተዋል። እነ ሶልያናና እነ ማራናታ ደግሞ ከዘራ ተደግፈው የሚሄዱ ባልቴቶች ሆነዋል።

ሁለቱ አባቶች በዚህ ዓለም የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ማነጻጸሪያ ቤት። ጆሮው ልጁ ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ለውጥ ከሰማ መብራቱ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይዞራል። ቢጫው ሳምንት ከሞላው ልጁ ባልና ሚስት ወዳሉበት ቤት ለአንድ ዓመት ይወሰዳል። ቅጣት አይደለም፤ ማዕከሉ ይህን ሳይናገር የሚያልፍበት ቀን የለም። ለማወዳደር ነው። ሻንጣውን እንኳ የሚሰጠው ማዕከሉ ነው። አንዳንዱ ልጅ ዓመቱ ሲያልቅ ንጽጽሩ ገና ነው ተብሎ እዚያው ይቀራል።

አዲሷ ተማሪ ብርቄ በጥቅምት መጣች። ከአዳማ በባቡር፣ አንዲት ቦርሳ ይዛ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸጉሯ ያልተበጠረ። ያፌት በር ላይ አቁሟት ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበበ። ማኅተሙ ትክክል ነው። ደንቡም ያው የድሮው ነው፦ የተማሪ ድምፅ በጆሮው አይመዘገብም፤ ተማሪ በቤተሰቡ ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፤ ጣልቃ ከገባና ቤተሰቡ አውቆ ከደበቀ ልጁ በዚያው ቀን ወደ ማነጻጸሪያ ቤት ይሄዳል።

ቤቱ ተሰናድቶ ነበር። ስንዱ መልሶቿን እንደ ጸሎት ታውቃቸዋለች። «አባቶቼ ይዋደዳሉ» ስትል ትንሽ ፈገግ ትላለች። «እናት ትናፍቅሻለች?» ስትባል ትንሽ ዝም ትልና ከዚያ «አንዳንዴ» ትላለች። ዝምታው ካልገባበት «የተጠና መልስ» ተብሎ እንደሚጻፍ ካለፈው ተምረዋል።

ብርቄ ግን ምንም አልጠየቀችም።

ተቀምጣ ኢዛና ልብስ ሲሰፋ ስታይ ዋለች። ምሳ ቀረበላት፣ በላች፤ ጨመሩላት፣ አሁንም በላች። ስንዱ ፈገግታዋን አዘጋጅታ ስትጠብቅ ቆይታ ጉንጯ ሲደክማት አንድ ጥያቄ መጣ።

«ጸጉርሽን ማነው እንዲህ አሳምሮ የሠራሽ?»

«ጋሼ ነው።»

«እኔንስ ይሠራኛል?»

ኢዛና ሳቀ። መርፌውን ሰክቶ ተነሣና ወንበር አመቻቸላት፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲሠራት ቆየ። ያፌት ከሥራ ሲገባ የማዕከሉ ተማሪ በገዛ ቤቷ እንዳለች ሴት ጭንቅላቷን ለኢዛና ሰጥታ ከስንዱ ጋር ስለ ቅባት ታወራለች። ያን ማየቱ ደስ አላለውም። እንግዳ ሰው እንዲህ በአንድ ቀን ቤተኛ ሲሆን የሆነ ነገር ፈልጎ ነው ብሎ አሰበ።

በሳምንቱ መጨረሻ ደቻቱ ላይ ጥርጣሬውን አወጣው።

«የማይጠይቅ ተማሪ አይተህ ታውቃለህ?»

«ደክሟት ይሆናላ አቦ» አለ ኢዛና።

«ሳምንት ሙሉ?»

«ልጅቷ ጨዋ ናት። ስንዱም ወዳታለች።»

«እሱ አይደል የሚያስፈራኝ! የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው ይታወቃል፤ ትመልስለትና ይሄዳል። ይቺ ግን ተቀምጣ እኛ ራሳችን እንድንቀባጥር ነው የምትጠብቀው። አዲስ ዘዴ ነው። እመነኝ፣ አዲስ ዘዴ አምጥተዋል።»

«አንተ በረዶ ቤት እየዋልክ ጭንቅላትህ ቀዝቅዟል» አለ ኢዛና።

ያፌት የሚሠራው የሥጋና የፍራፍሬ ማቀዝቀዣ ክፍሎችን መጠገን ነው፤ ኢዛና በዚህ ካልተረበው ቀኑ አይመሽለትም። ያፌት ግን የዚያን ዕለት አልሳቀም። ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ ብርቄ መንገድ ላይ አግኝታው «ጋሽ ያፌት፣ አሸዋው ዛሬ ይሞቅ ይሆን?» ብላዋለች። «የምን አሸዋ?» ሲላት ፈገግ ብላ አልፋለች። ስለ ደቻቱ ማን ነገራት? ይህን ለኢዛና ሲነግረው ኢዛናም ዙሪያውን ገላመጠ።

በዚህ መሃል ነው ስንዱ ያኮረፈችው።

የትምህርት ቤቷ የኪነት ቡድን ወደ ጅቡቲ ሊሄድ ነበር፤ በባቡር፣ ለጥቂት ቀናት። ስንዱ መሪ ድምፃዊ ናት። ስትጠይቅ ኢዛና «አይሆንም» አላት። ምክንያት ነበረው፤ በጥናት ላይ ያለች ልጅ ከጆሮው ክልል ውጭ ካደረች «ከቤት የመሸሽ ዝንባሌ» ተብሎ ይያዛል። ይህን ግን ጆሮው ሥር ሆኖ መናገር አይቻልም። «ለምን?» አለች። «አይሆንም ብያለሁ» አለ። «እሺ ጋሼ» አለች እንደሰለጠነችው፤ ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ምሳ አልበላችም። ራት ወጥታ ተቀመጠች፣ አልበላችም፣ ቃልም አልተናገረችም። ወደ ደቻቱ እንሂድ በሚል ያፌት በዓይኑ ሲጠቅሳት ፊቷን አዞረች። በማግስቱ ያፌት ድምፁን አስደስቶ «ትምህርት እንዴት ዋለ የኔ እመቤት?» አለ። ግድግዳውን የጠየቀ ያህል ነበር። ጣሪያው ላይ መብራቱ ቢጫ ሆነ።

ኩርፊያ እኮ በሽታ አይደለም። በዚህ አገር ልጅ ያኮርፋል፣ ሚስት ታኮርፋለች፣ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ወጥ ቀጠነ ብሎ ያኮርፋል። ያኮረፈ ሰው በራሱ እግር አይመለስም፣ ያስቀየመውም ቢሆን ሄዶ አይለምነውም፤ በተለይ አባት ከሆነ። መሃል የሚገባ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ጎረቤት ይጠራል፣ «በእኔ ሞት» ይላል፣ እጅ ይዞ ጎትቶ ማዕድ ላይ ያስቀምጣል፣ አንዱ ሌላውን ያጎርሳል፣ አለቀ። በማዕከሉ ዝርዝር ውስጥ ግን ኩርፊያ የሚባል ነገር የለም። ምክንያቱ ያልታወቀ ለውጥ ነው ያለው።

ጎረቤትም የላቸውም። አሉ፣ ግን አይገቡም። ጥናት ላይ ባለ ቤት ውስጥ የተሰማ የጎረቤት ድምፅ «የውጭ ተጽዕኖ» ተብሎ ይጻፍና የጎረቤቲቱም ቤት መታየት ይጀምራል። እማማ ሶልያና፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ባልቴት፣ ስንዱ ከተወለደች ጀምሮ ደጃፏን ረግጠው አያውቁም። በጾም ፍቺ ሥጋ በአጥር ላይ ያቀብላሉ። የዚያን ሰሞንም መስኮቱ ውስጥ ቢጫውን ብርሃን አይተው አጥሩ ጋ ቆመው ቆዩ። «ምነው ልጄ፣ አኮረፈች?» አሉ በከንፈራቸው ብቻ። ያፌት ራሱን ነቀነቀ። ዓይናቸው እንባ አቀረረና ገቡ።

ኢዛና ደግሞ ብሶ ቁጭ አለ። «እኔ አባት ነኝ፤ ልለምናት?» አለ ደቻቱ ላይ። «ለምናት እንዴ!» ብሎ ጮኸበት ያፌት። «ሻንጣ ይዘው ሲመጡ ያን ጊዜ ትለምናታለህ?» ኢዛና አሸዋው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ልለምናት ቢልም አይችልበትም ነበር፤ ሲያኮርፍ ያደገ ሰው መለመን ከየት ይምጣለት።

ብርቄ ቅዳሜን አዳማ አሳልፋ ስትመለስ መብራቱ ቢጫ እንደሆነ ነበር። ገና ከመግባቷ አየችው። ያፌት ፈጠን ብሎ ተቀበላት።

«ጉሮሮዋን አሟት ነው። ብርድ ነገር መቷት…»

አልፋው ወደ ውስጥ ዘለቀች። ኢዛናን አየችው፤ ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ክር የሌለው መርፌ ያስኬዳል። የስንዱን ዝግ በር አየች። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ማነው ያስቀየማት?» አለች።

ያፌት ክው አለ። «ኧረ ማንም…»

«ጋሽ ኢዛና፣ እርስዎ ነዎት?»

ኢዛና ቀና አለ። በዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። «እኔ ነኝ» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

ብርቄ የስንዱን በር ከፍታ ገባች። ከውስጥ «በእኔ ሞት» ሲባል ተሰማ፤ «ተዉኝ»፤ «ለእኔ ስትይ»፤ «አልፈልግም አልኩ»፤ «ከአዳማ ድረስ መጥቼ ልታሳፍሪኝ ነው?» ብዙ ቆዩ። ከዚያ ብርቄ ስንዱን በእጇ ይዛ ወጣች። ስንዱ ከንፈሯን አሹላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ እየተጎተተች። ያፌት እስከዚያ ማዕድ አቅርቦ ነበር፤ ኢዛና ጎን አስቀመጠቻት።

«በሉ፣ አጉርሷት።»

ኢዛና ጠቀለለ። እጁን ዘረጋላት። ስንዱ አፏን ገጠመች። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

«ክንዴ ዛለ እኮ» አለ ኢዛና። «እሺ እኔው ልብላው?»

ስንዱን ሳቅ አመለጣት። ሳቁ ሳያልቅ ጎረሰች፤ ጉርሻው ሳያልቅ ደግሞ አለቀሰች፤ ከዚያ አፏ ሙሉ እንደሆነ ጮኸች፤ ጣሪያው ሥር፣ ጆሮው ሥር።

«ምክንያቱን እንኳ አልነገርከኝም! ሁልጊዜ እሺ በይ፣ ሁልጊዜ ፈገግ በይ! ጅቡቲው ገደል ይግባ! ለምን እንደሆነ አትነግረኝም ወይ?»

«ስለምፈራ ነዋ!» ብሎ ጮኸ ኢዛናም። «ስለምፈራ ነው! ከዓይኔ ስትርቂ የምትመለሺ አይመስለኝም! ምን ላድርግ?»

ተቃቅፈው ተላቀሱ። ያፌት ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የፈራበትም ደስ ያለውም ቀን የለም፤ ልጁ በገዛ ቤቷ ስትጮኽ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስንዱ ሳህኑን ሳትጨርስ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ደስታው ያኔ ተበላሸ። እንዲህ በቀላሉ? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ በቀላሉ የሆነ ነገር የለም።

ብርቄ ስትወጣ ሸኛት። ጣሪያ የሌለበት ቦታ ሲደርሱ ቆመች።

«ጋሽ ያፌት፣ ያስታረቅኳቸው እኔ እንደሆንኩ እንዳይነግሩብኝ። የእኔን ድምፅ አይመዘግበውም፤ የእናንተን ብቻ ነው የሰማው።»

«ለምን አደረግሽው ታዲያ?»

ጫማዋን እያየች መለሰች። «እኔንም ያሳደጉኝ ሁለት እናቶች ናቸው። አንዱ ሲሄድ አንዱ ሲመጣ፣ ስንቱ ተማሪ አጥንቶኛል መሰለዎት። እኛም የምንጮኽበት አሸዋ ነበረን። ያኔ ቢጫው ገና አልመጣም ነበር፤ አንድ ጊዜ አኮርፌ ከታላቂቱ እናቴ ጋር ሁለት ወር አልተነጋገርንም። ተማሪው አጠገባችን ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። እጄን ይዞ ቢያስታርቀን ኖሮ…» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እሷ በዚያው ዓመት አረፈች» አለችና ወደ ለገሃር ሄደች።

ያፌት እዚያው ቆመ። ልቡ ወደ እሷ አደላ፤ ይህን ሊክድ አይችልም። ነገር ግን ልብ እንዲያደላ ተብሎ የተሰፋ ወሬስ ቢሆን? አንድ ፈታኝ የነያፌትን ቤት ለመፈተን ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ምን ይናገራል? እኔም እንደናንተው ነኝ ይላል። ደንብ ይጥሳል። እንዳትናገሩ ብሎ ይለምናል። ከዚያ ይደብቁ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያያል።

በማግስቱ የሥጋ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገብቶ ይህንኑ ሲያብሰለስል ዋለ። ቢናገርና ብርቄ እውነተኛ ብትሆን፣ አንዲት ተማሪ ትጎዳለች። ባይናገርና ፈታኝ ብትሆን፣ ስንዱ ሻንጣ ይዛ ትሄዳለች። ሚዛኑ ለእሱ ግልጽ ነበር። ብርቄን በምን ያውቃታል? ጸጉሯን ስላሠራች? ለኢዛና ልንገረው አልንገረው ሲል ቆየና ተወው፤ ኢዛና በሰው አፍ ቶሎ የሚታለል ሰው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ እጁን ታጥቦ ከዚራ ሰፈር ወዳለው የማዕከሉ ቅርንጫፍ ሄደ።

የተቀበለው ባለሙያ ትሁት ወጣት ነው። ውሃ አቀረበለት። ያፌት የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ በሩን፣ ልመናውን፣ ጉርሻውን። ስለ ሁለቱ እናቶች ብቻ አልተናገረም፤ ያን ለማውጣት አፉ እምቢ አለው። ወጣቱ እያዳመጠ ግንባሩን ቋጠረ።

«አስታረቀቻቸው ነው የሚሉኝ? በእጇ ይዛ?»

«በእጇ ይዛ።»

«የሚገርም ነው። እኛ ጋ ያለው ሌላ ነው። ቤተሰቡ ራሱ ተጋጭቶ፣ ራሱ ተነጋግሮ፣ ራሱ ታረቀ ነው የሚለው። ደስ ብሎን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከእንደናንተ ካለ ቤት ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው።»

ያፌት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «የላካችኋት እናንተ አይደላችሁም? ልትፈትኑን?»

«እኛ?» ወጣቱ ሳቀ። «ጌታዬ፣ ለመፈተን ማን ጊዜ አለው? ተማሪ ናት። ወቅቱ ሳያልቅ ዛሬ ጠዋት ማጠቃለያዋን አስገብታለች፤ እንዲያውም ይመልከቱት።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያሳይ መስታወት ወደ ያፌት አዞረለት። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ያፌት ወደ መጨረሻው ወረደ፤ ከዚህ በፊት የመጡት ሁሉ የሚዘጉበትን ዓረፍተ ነገር ፈለገ። ብርቄ እንዲህ ብላለች፦ ልጅቷ ታኮርፋለች፣ ትታረቃለች፤ ተጨማሪ ጥናት አያስፈልግም።

«አያስፈልግም ማለት?»

«ማለትማ ቤቱ ከጥናቱ ይወጣ ነበር። ጆሮው እንደማንኛውም ሰው ጆሮ ውሃና መብራት ብቻ ይሆናል። ፈቃዱም ለዘለቄታው ይሆን ነበር። እስካሁን እንዲህ ብሎ የጻፈ ተማሪ አልነበረም፤ አለቆቹም ሊያጸድቁት ነበር።»

«ታዲያ አሁን?»

«አሁንማ ተበላሸ። ጣልቃ ገብታለቻ።» ወጣቱ በአዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «እሷም ከትምህርቱ ትወጣለች፤ ደንብ ነው። ልጅዎ ግን ምንም አትሆንም፤ መብራታችሁ አረንጓዴ ነው፣ እርስዎም በጊዜው አሳውቀዋል። ጥሩ አደረጉ። እንደ እርስዎ ያለ ታማኝ ቤተሰብ ባይኖር ይህ ጥናት ምን ይውጠው ነበር።»

ያፌት ተነሣ። ወንበሩን አስጠግቶ መልሶ ተቀመጠ። «ተሳስቼ ነው» አለ። «አላስታረቀችም። እኔ ነኝ የቀባጠርኩት። ሥራ ደክሞኝ፣ ዝም ብዬ…»

ወጣቱ በጨዋ ደንብ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። «ጌታዬ፣ እዚህም ጆሮ አለ እኮ።»

ከዚያ ወዲህ ብርቄን አንድ ጊዜ ብቻ አያት። ቦርሳዋን ይዛ የሚሠራበት በር ላይ መጣች። ይቅርታ ሊላት አፉን ሲከፍት ቀደመችው። «አልፈርድብዎትም። እናቶቼም በእርስዎ ቦታ ቢሆኑ ያደርጉት ነበር» አለች። ኢዛና የሠራት ሹሩባ ገና አልተፈታም። ከዚያ ቤት ምንም ወስዳ መሄድ ያልፈለገች ይመስል አንዱን በጣቷ ይዛ ፈታ፣ ፈታ ታደርገው ነበር። ያፌት ዓይኑን ከጣቷ ሳያነሣ ሄደች።

ለኢዛና ደቻቱ ላይ ነገረው። ይጮኽብኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢመታው ደስ ባለው። ኢዛና ግን ጫማውን አደረገ። «ለስንዱ ራስህ ንገራት» ብሎ ብቻውን ወጣ።

ለስንዱ ቤት ውስጥ ነገራት፤ ከማዕከሉ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አዳመጠችው።

«ያስታረቀችን ብርቄ ናት ብለህ ነገርካቸው?»

«ላንቺ ብዬ ነው ስንዱዬ። ይወስዱሻል ብዬ።»

«ገባኝ አባዬ» አለች። «ደግ አደረግህ።»

ያፌት ፊቷን አየው። ቁጣ ፈለገበት። ፈገግ ብላለች፤ ትንሽ ብቻ፣ ልክ ተማሪዎች ሲመጡ እንደምትለው።

አዲሱ ተማሪ በኅዳር መጣ። ይጠይቃል፣ ብዙ ይጠይቃል፤ ስንዱም ትመልሳለች። ዝም የሚባልበት ቦታ ላይ ዝም ትላለች፣ የሚሳቅበት ላይ ትስቃለች። ጅቡቲን አንስታ አታውቅም። የኪነት ቡድኑንም ተወችው፤ ለምን ስትባል «ትምህርት በዛብኝ» አለች፣ ተማሪውም «ኃላፊነት የሚሰማት» ብሎ ጻፈ። በሯን አትዘጋም። ምግብ አትተውም። ኢዛና አንድ ቀን ሆን ብሎ አዲስ የሰፋላትን ቀሚስ አሳጥሮ አበላሸው፤ አመስግና ለበሰችው።

አንድ እሑድ ያፌት ምሳ ላይ መታገሥ አቃተው። ተማሪው የለም። ኢዛና ወደ ሳህኑ አቀርቅሯል። ያፌት ጠቅልሎ፣ ትልቅ አድርጎ፣ እጁን ወደ ስንዱ ዘረጋና ጠበቀ። ፊቷን እንድታዞር፣ ከንፈሯን እንድታሾል፣ አልፈልግም እንድትለው፣ አንተ ነህ ብርቄን ያባረርክብኝ ብላ እንድትጮኽበት። ክንዱ እስኪዝል ሊለምናት፣ መሬት ወርዶ ሊለምናት ተዘጋጅቶ ነበር።

ስንዱ ወዲያው ቀረብ ብላ ጎረሰች። አላምጣ ስትጨርስ አፏን ጠረገች።

«እግዜር ይስጥልኝ አባዬ» አለችው። «በጣም ይጣፍጣል።»